ከአዳይቱ የተላከ ወሬ

ሰመራ ስመደብ ሌላው ሰው ፍራሽና ጀሪካን ጭኖ ሲመጣ እኔ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ጭኜ መጣሁ። ያን ጊዜ ሰመራን ከተማ ናት ማለት ድፍረት ነበር። የክልሉ መቀመጫ ትሆናለች ተብሎ ጥቂት ቢሮዎች ተሠርተውባታል፣ አንድ ማደያ አለ፣ የቀረው ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነው። አብዛኞቻችን የምናድረው ሎጊያ ወይም ዱብቲ ነበር። እኔም ሎጊያ ክፍል ተከራይቼ ካርቶኖቼን ከግድግዳ አስጠጋኋቸው። በመጀመሪያው ግንቦት የመጻሕፍቱ ማጣበቂያ ከሙቀቱ የተነሳ ለቀቀና ገጾቹ እየተላቀቁ ይወድቁ ጀመር። በሲባጎ አሰርኳቸው። እስከ ዛሬም እንደታሰሩ ናቸው።

ከነዚያ መጻሕፍት አብልጬ የምወደው የመንገደኞችን ነበር፤ ድሮ ከባሕሩ ተነስተው በግመል ወደ ደጋ ያቋረጡ የውጭ ሰዎች የጻፉትን። ስለ አፋር ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። ሙቀቱ፣ ጨዉ፣ ጩቤው። ሁለት ሰዎች በረሃ መሐል ሲገናኙ ለምን ከመንገድ ወጥተው ቁጭ እንደሚሉ የጠየቀ አላገኘሁም። ወይ አላዩም፣ ወይ ቸኩለው ነበር። እኔ ግን አይቻለሁ። በባህል ቢሮ የተቀጠርኩ ሰው ስለሆንኩ ማየትና መጻፍ እንጀራዬ ነበር። አፋሮች ዳጉ ስለሚሉት የወሬ መለዋወጥ ለቢሮው መጽሔት ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፍኩ። ኃላፊዎች አመሰገኑኝ፤ በስብሰባ ላይም ተነበበልኝ። አሁን ያ መጽሔት እጄ ሲገባ አገላብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ዳጉን ያሳየኝ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ቤተሰቦቹ አዳይቱ አካባቢ ግመልና ፍየል ያረባሉ፤ እሱ ተምሮ የቢሮው አስተርጓሚ ሆኗል። በዕድሜ እኩያሞች ነን። ሲቀልድብኝ «ደገኛው» ይለኛል። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከሎጊያ ወጣ ብለን እንራመዳለን። መራመድ ማለቴ እኔ ነኝ የምራመደው። እሱ አንድ ግመል የሚነዳ ሰው ወይም ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ ካገኘ አበቃ። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ እጅ ይሳሳማሉ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብለው ቁጢጥ ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ጆሮህ ምን ሰማ፣ ዓይንህ ምን አየ።

ተጠያቂው ከተነሳበት ቦታ ጀምሮ አንድ በአንድ ያወርደዋል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች። ያየውን አየሁ ይላል። የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል፤ እገሌ ደግሞ ከማን እንደሰማው ይናገራል። መጨመር ነውር ነው፤ መቀነስም ነውር ነው። የተቀበለው ሰው ለሚቀጥለው እስኪያደርስ ድረስ ዕዳው እሱ ላይ ነው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የጅቡቲ መኪናዎች ተሳቢያቸውን እያንኳኩ ያልፋሉ። አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የአገሩ ጭነት ፊቱን ወደዚህ አዙሯል፤ ስንዴው፣ ነዳጁ፣ ብረቱ በአጠገባቸው ይነጉዳል፤ እነሱ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። «ሰዓቱ ሄደ እኮ» ስለው፣

«የት ይሄዳል?» ይለኛል።

ጽሑፌን ስሰጠው እየሳቀ አነበበው። ሲጨርስ «ጥሩ ነው። ሁሉንም ጽፈሃል» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ «የሚጠብቀው ሰው ግን የለበትም» አለ።

«የቱ?»

«ወሬው የሚሄድለት ሰው። ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው።»

የአርታኢ አስተያየት ነበር የመሰለኝ። ለሚቀጥለው እትም እጨምራለሁ ብዬ ተውኩት።

እናቴ የሞተችው ሰመራ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። አገሬ ከደሴ ወዲያ ያለ ደጋ ነው። ወሬው በቢሮው ስልክ መጥቶ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰምቷል። የኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያዝ ያውቅበታል። ሁለት ባልደረቦቼ ድንገት «ደሴ የሥራ ጉዳይ አለን፣ አብረኸን ውጣ፤ በዚያው ቤተሰብ ትጠይቃለህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሲያጫውቱኝ ዋሉ። ባቲ ስንደርስ ለእናቴ ብርቱካን ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ከሁለቱ አንደኛው አብሮኝ ወርዶ መረጠልኝ፤ የላላውን እየመለሰ ጠንካራ ጠንካራውን አስቀመጠልኝ። ደሴ አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። ሊነጋጋ ሲል ነጠላ ያጣፉ ሰዎች በሩን ሞሉት። ብርቱካኑን ማን እንደበላው አላውቅም። የመረጠልኝን ሰው ግን ለብዙ ወራት ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አፋሩ ጓደኛዬ የዚያን ቀን ቢሮ አልነበረም። ሳልሰናበተው ነው የሄድኩት፤ ቅር ብሎኝ ነበር። ስመለስ መጥቶ ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ነው የነገረኝ።

«ዱብቲ ሄጄ ተደብቄ ነው» አለኝ። «አትንገረው አሉኝ። ካየኸኝ ትጠይቀኛለህ። ከጠየቅከኝ እነግርሃለሁ።»

ከዚያ ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ጠየቀኝ። አሁን የሚያናድደኝ መልሴ ነው። በባልደረቦቼ ላይ ቂም ቋጥሬ እያለሁ፣ ለሌላ አገር ሰው ሳስረዳ ግን ኮራ ብዬ ነበር። ክፉ ወሬ በመንገድ አይነገርም አልኩት። በባዶ ሆድ አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ታላላቆች ይመጣሉ፣ ሊነጋ ሲል መርዶው ይነገራል። ልብ እንዳይሰበር ነው።

«ልቡ መሰበሩ ቀረ?» አለ።

ተረት ጠቀስኩለት፤ «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ»። ደጋግሞ አስባለኝ። «ይኼማ የኛ ነው» አለኝ፤ «ከኛ ነው የወሰዳችሁት።» ተሳሳቅን። የእናቴን ሞት ከሰማሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነበር።

ይህ ከሆነ ዓመት ሳይሞላ፣ ስለ ባቡሩ እጽፋለሁ ብዬ አዋሽ ወረድኩ። አዋሽ ያደገችው በባቡር ነው። እኔ ስደርስ ባቡሩ ደክሞ፣ ሲመጣ የመጣ፣ ሲቀር የቀረ ነበር። ጣቢያው ሰፊ፣ ጥላው ደስ የሚል፣ ሰው ግን የሌለበት። ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሁለት ቀን ሙሉ አጫወተኝ። በደህናው ጊዜ ሰው ጣቢያ የሚመጣው ዕቃ ለመቀበል ብቻ እንዳልነበረ ነገረኝ፤ ማን ወረደ፣ ማን ተሳፈረ፣ ድሬዳዋ ምን ተባለ ለማለት ነው። ማስታወሻዬ ላይ «የአዋሽ ዳጉ ባቡሩ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት። ነገር ባማረ ቁጥር የገባኝ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን በዚህ ተጎድቻለሁ።

ስመለስ በአንድ ከባድ መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። ሹፌሩ የደጋ ሰው ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። ገዋኔን አልፈን አምስት ሰዓት ግድም አዳይቱ ስንደርስ ፍየሎች መንገዱን ዘጉትና ቆምን። አንድ ሰው ከጥላ ተነስቶ ወደ መኪናው መጣና በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ያዘኝ። የጓደኛዬ የአጎቱ ልጅ ነው። ቢሮ ድረስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሻይ ጠጥተናል።

«ውረድ» አለኝ።

ወረድኩ። ቁጢጥ አለ፤ እኔም አጠገቡ እንደ ነገሩ ቁጢጥ አልኩ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ሰውየው ዞር ብሎም አላየው።

«የጓደኛህ አባት ታሟል» አለኝ። «ሦስት ቀኑ ነው። ወተት አልወስድም ብሏል። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ እኔ ከሱ ጋር ነበርኩ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ልጄን ጥሩልኝ ብሏል። ዛሬ ይምጣ። ነገ አይደለም። ከመንገዱ ብዙ አይርቅም፤ ቦታውን ያውቀዋል።»

«እሺ» አልኩ።

«ላንተ ሰጥቼሃለሁ» አለኝና እጄን ጨበጠኝ።

ይህን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል መጻፍ እችላለሁ። ያን ቀንም አንድ ቃል ሳላጎድል እችለው ነበር። ጋቢና እንደገባሁ ለሹፌሩ ነገርኩት። ለማላውቀው ሰው፣ ወሬው ለማይመለከተው ሰው፣ ሳላቅማማ አወረድኩለት። ሹፌሩ ከንፈሩን መጠጠ። «ቀስ ብለህ ነው መንገር ያለብህ» አለኝ። «ሳይበላ እንዳትነግረው። ብቻውንም ሆኖ እንዳይሆን፤ መንገድ ላይ አጉል ነው።» እውነት ነው አልኩ። አንድ ሰዓት ከምናምን እስከ ሚሌ ድረስ እንዴት እንደሚነገር ተመካከርን። ሳይነገር ስለሚያልፈው ሰዓት ሁለታችንም አላነሳንም።

ሚሌ ጓደኛዬን አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለሥራ መጥቶ የቢሮው መኪና ተበላሽቶበት ከማለዳ ጀምሮ ጋራዥ ደጃፍ ቆሟል። ከጋቢና ስወርድ አየኝና እየሳቀ መጣ። ተሳሳምን። አንድ ምግብ ቤት ገባን። በሹፌሮች ተሞልቷል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ አዞ ነበርና ወዲያው መጣለት። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ግን አልጎረሰም። ወደኔ ዞረና እንደ ወጉ ጠየቀኝ።

«ከአዋሽ ነህ። ጆሮህ ምን ሰማ፣ ዓይንህ ምን አየ?»

ሳህኑን አየሁት። ሩዙ ይጨሳል። ከግራና ከቀኝ የማናውቃቸው ሰዎች አሉ። ሰመራ ስንደርስ ነገሩን ለታላላቆች እነግራለሁ፣ እነሱ በወጉ ያደርሱለታል፣ መኪናም ይሰጠዋል፣ ሰውም አብሮት ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። የሚበላን ሰው ማስደንገጥ ጭካኔ መሰለኝ።

«ሰላም ነው» አልኩት።

ከዚያ አወረድኩለት። የአዋሽን ጣቢያ፣ ጡረተኛውን፣ ገዋኔ ላይ የጣለውን ዝናብ፣ መንገድ ዳር ተገልብጦ ያየነውን ተሳቢ። በጥሞና ሰማኝ። ሳቆም ጠበቀ። የሚቀረኝ ነገር እንዳለ ያወቀ ይመስል ጠበቀ።

«አዳይቱስ?» አለኝ።

«አዳይቱም ሰላም ነው። አልቆምንም።»

«አልቆምንም» የሚለውን ማን አስጨመረኝ? የቀረውን ዝም ማለት ብቻ ነው ብዬ ላመካኝ እችል ነበር፤ ይቺ ግን ቅጥፈት ናት። እሱ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መጉረስ ጀመረ። ጥሩ አድርጎ በላ። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ አሁን ብናገረው ማንም አያምነኝም፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር። በበሩ በኩል ኬላው ይታያል። ወደ አዳይቱ የሚመለሱ መኪናዎች ተሰልፈው ፍተሻ ይጠብቃሉ። እጁን ቢያወጣ የማያሳፍረው ሹፌር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው የዐስር ሶላት አባቱ ጋ ይደርስ ነበር።

መኪናው ተሠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳን፤ ወደ ሰመራ፣ ማለትም በተቃራኒው። በጉዞው ላይ ደስተኛ ነበር። አባቱ ስለሰጡት አንድ ግመል አጫወተኝ። እኔ በየኪሎ ሜትሩ ከአባቱ እያራቅኩት እስቃለሁ።

ሰመራ እንደገባን መዝገብ ቤት ወዳለው አንጋፋ ባልደረባችን ሄድኩ። ከደጋ ከመጣነው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠን እሱ ነው፤ ለቅሶና ሽምግልና ያለ እሱ አይሆንም። ነገርኩት።

«ጥሩ አደረግህ» አለኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሊነጋ ሲል ሄደን እናረዳዋለን።»

«አልሞቱም እኮ» አልኩት። «ታመው ነው።»

«ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ያው እንዳልሆነ ያኔም ተሰምቶኛል። የጓደኛዬ ቤት ከኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ወጥቼ ቆሜ ነበር። ከዚያ፣ በታላቅ የተያዘን ነገር አላበላሽም ብዬ ተመለስኩ፤ ራቴን በላሁ፤ ተኛሁ። ስለዚያ ሌት ሌላ የምለው የለኝም፤ እንቅልፍም ወስዶኛል።

ሊነጋጋ ሲል ሦስት ሆነን በሩን አንኳኳን። ከፍቶ አየን፤ ነጠላችንን አየ። የኔን መርዶ ታሪክ ስለሚያውቅ የደጋ ሰው በዚህ ሰዓት ተሰልፎ ለምን እንደሚመጣ ገብቶታል።

«ማን ነው?» አለ።

አንጋፋው «ምንም አይደል፤ አባትህን ትንሽ አሟቸው ነው» አለ። እንደ ወጋችን።

«መቼ ሰማችሁ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ወሬ ደረሰን።»

አንድ በአንድ ተመለከተን። የኔ ተራ ሲደርስ ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ። አንጋፋው ማታ አዘጋጃለሁ ያለው የቢሮ መኪና ነዳጅ አልነበረውም፤ አስፋልቱ ላይ ባገኘው የጭነት መኪና ሄደ። ሦስት ሰዓት አልፎ ሲደርስ አባቱ ተቀብረው ሰዎቹ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። የሞቱት ያለፈው ቀን ፀሐይ ስትገባ ነው።

ለሐዘኑ ሄድን። ተቀበለን፣ አስቀመጠን፣ ወተት አቀረበልን። «አላህ ይዘንላቸው» አልኩት፤ «አሚን» አለኝ። መቼ እንደሰማሁ አልጠየቀኝም። የሐዘኑ ቀን ይለፍ፣ ልቡ ይርጋ፣ ያኔ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ። ሳምንት አለፈ። ወር ሲሆን ደግሞ እስካሁን የት ነበርክ የሚለው ከመጀመሪያው ጥፋት ባሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ እያደር እስኪደበዝዝ ነበር የምጠብቀው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ጓደኝነታችን ቀረ እንዳልል አልቀረም። ቢሮ አብረን ሻይ እንጠጣለን። ስታመም ዱብቲ ሆስፒታል የወሰደኝ እሱ ነው። ለኢድ ይጠራኛል፤ ለፋሲካ እጠራዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከመንገድ ስመለስ አይጠይቀኝም። «ደህና ገባህ? ደከመህ?» ይላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ይሰጠኛል፤ አበቃ። ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንዳየሁ አይልም። እኔም እጠብቅና እጠብቅና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የራሱንም አይሰጠኝም። ሴት ልጁ መወለዷን የሰማሁት ከቢሮው ጥበቃ ነው።

ምክንያት ፈለግኩለት። ያን ጊዜ ገደማ ሞባይል ወደ ሰመራ ገባ። ይኸው ነው አልኩ፤ ሰው ስልክ ይዞ ማን ቁጢጥ ብሎ ወሬ ይጠይቃል? ለመጽሔቱ ሁለተኛ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ቴክኖሎጂ ዳጉን እንዴት እንደገደለው፣ የአባቶች ወግ በዓይናችን ፊት እንዴት እንደጠፋ የሚያለቃቅስ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኼ ነው። ያም ተመሰገነልኝ። በወጣ በሳምንቱ ሎጊያ ገበያ ዳር ጓደኛዬን አየሁት። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቁጢጥ ብሏል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሁለቴ ጠራ፤ አላነሳውም። ሽማግሌው እያወረዱ ነው፤ እሱ «ኤ፣ ኤ» እያለ ይቀበላል። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩና እንደ ድሮው ጠበቅኩት። ሲጨርስ ተነስቶ ወደኔ መጣ፣ ተሳሳምን፣ እስከ ቤቴ አብረን ሄድን። ሽማግሌው ምን እንዳሉት አንዲት ቃል አልነገረኝም። ስለ እግር ኳስ አወራን።

ዳጉ አልሞተም ነበር። እኔን ነው ያለፈኝ።

ከዓመታት በኋላ ወደ አዋሽ ተዛወርኩ። ዕቃዬ፣ በሲባጎ የታሰሩት መጻሕፍትም ጭምር፣ በቢሮው ፒካፕ ተጫነ። ጓደኛዬ እሸኝሃለሁ ብሎ አብሮኝ ተሳፈረ። ፀጉራችን ሸብቷል፤ አስፋልቱ በኮንቴይነር ተጨናንቋል፤ ስለ ባቡሩ ደግሞ አዲስ ሐዲድ ተዘርግቷል እየተባለ ይወራል። አዳይቱ ስንደርስ ሹፌሩን እንዲያቆም ነገረው። «አባቴን ልይ» አለኝ። «ልምጣ?» አልኩት። «ና» አለ።

ግማሽ ሰዓት ያህል በቁጥቋጦ መሐል ሄድን። መቃብሩ ዙሪያውን የተደረደረ ጥቁር ድንጋይ ነው። እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሲጨርስ አንዱ ድንጋይ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። አሁን ካልተናገርኩ ከዚህ በኋላ እንደማልናገር አወቅኩ።

«ያን ቀን ሚሌ ስንገናኝ» አልኩት፣ «ሰምቼ ነበር። የአጎትህ ልጅ እዚሁ አዳይቱ አስወርዶ ነግሮኝ ነበር። ዛሬ ይምጣ ብሎኝ ነበር። አልቆምንም ያልኩህ ውሸት ነው። ስትበላ አይቼ ፈራሁ። ይቅር በለኝ።»

 ፊቱ አልተለወጠም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«መቼ?»

«የደረስኩ ዕለት። የአጎቴ ልጅ ለጓደኛህ ሰጥቼው ነበር አለኝ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መኪና፣ ይኼን ብዬ አለ። አባቴ ለዐስር መጣ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መልእክት ሄዷል አሉት። ሲሞትም አልቀበሩትም። የሰጠነው ሰው የልጁ ጓደኛ ነው፣ ሳይነጋ ይመጣል ብለው አሳደሩት። ፀሐይ ስትከርር ቀበሩት።»

ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱም መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።  ከሩቅ የመኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል።

«ይኼን ሁሉ ዓመት እያወቅክ» አልኩት፣ «ለምን አልጠየቅከኝም?»

በቁጣ አልነበረም የመለሰልኝ። ነገሩ ገርሞት፣ ይህን እኔ ከማንም በላይ እንደማውቅ ያሰበ ይመስል ነበር።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለኝ። «ሚሌ ላይ።»